አዲስ አበባ ዳር ሰፈር ስትመርጡ፦ ከቤቱ በፊት መንገዱን እዩ

ከክፍለ ሀገር ወደ አዲስ አበባ ለሥራ የሚዛወር ሰው ቤት ሲፈልግ መጀመሪያ የሚጠይቀው ኪራዩን ነው፤ ቀጥሎ ስንት ክፍል እንዳለው። የመሀል ከተማው ዋጋ ስለማይቀመስ ዳር ዳሩን ያያል፦ አያት፣ ሰሚት፣ የካ አባዶ፣ ቦሌ አራብሳ፣ ኮዬ ፈጬ፣ ቱሉ ዲምቱ፣ ጀሞ፣ ለቡ። ደላላው በጠራራ ፀሐይ ይወስደዋል። ቤቱ አዲስ ቀለም ተቀብቷል፣ ሴራሚኩ ያብረቀርቃል፣ ሰፈሩም ፀጥ ብሏል። ቀብድ ይከፈላል። በመጀመሪያው የሥራ ቀን ግን ከታክሲ ሲወርድ መሽቷል፤ እስከ ቤቱ ያለው መንገድ መብራት የለውም፤ ቀን ደስ ያሰኘው ፀጥታ አሁን ያስፈራል።

የዳር ሰፈር ደኅንነት የሚታወቀው ከታክሲ መውረጃው እስከ ግቢው በር ባለው መንገድ ላይ ነው፤ ያውም ከምሽቱ 1 ሰዓት በኋላ። ቤት ይታደሳል፣ በር ይጠነክራል፣ ቁልፍ ይቀየራል። መንገዱን ግን ማንም ተከራይ ሊቀይረው አይችልም። ለዚህ ነው ከዚህ በታች ያለው ቅደም ተከተል ቤቱን ወደ መጨረሻው የሚያስቀምጠው።

1. የየዕለት መስመራችሁን ጻፉ

ወረቀት ላይ ሁለት ነገር አስፍሩ፦ በየቀኑ የት እንደምትሄዱና ስንት ሰዓት ላይ እንደምትመለሱ። የባልም የሚስትም፣ ልጆች ካሉ የእነሱም ይጻፍ። የዳር ሰፈሮች ከመሀል ከተማው ጋር የሚገናኙት በጥቂት ቦታዎች በኩል ነው። የምሥራቁ፣ ማለትም አያት፣ ሰሚት፣ የካ አባዶና ቦሌ አራብሳ፣ በመገናኛ ያልፋል። ጀሞና ለቡ በብዛት ከሜክሲኮ ጋር ይገናኛሉ። የቃሊቲና የቱሉ ዲምቱ መስመር በሳሪስ በኩል ነው። ሥራችሁ ሜክሲኮ አካባቢ ሆኖ ቦሌ አራብሳ ከተከራያችሁ መገናኛ ላይ ወርዳችሁ እንደገና ትሰለፋላችሁ። ዝናብ በጣለበት የክረምት ምሽት ያ ሰልፍ ብቻውን አንድ ሰዓት ሊበላ ይችላል፤ ቤት የምትደርሱት ሱቆች ከተዘጉና እግረኛ ከተመናመነ በኋላ ይሆናል ማለት ነው።

የእኔ መለኪያ አንድ ነው፦ ከሥራ እስከ ሰፈር ከአንድ ጊዜ በላይ ታክሲ የሚያስቀይር ቦታ፣ ኪራዩ ቢረክስም፣ ከዝርዝሩ ይውጣ። በ2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ቀላል ባቡር ከአያት እስከ ጦር ኃይሎች፣ ከምኒልክ አደባባይ እስከ ቃሊቲ የተዘረጋ ስለሆነ ለሐዲዱ ቅርብ የሆነ ቤት ተጨማሪ አማራጭ ይሰጣል። ብቸኛ ተስፋችሁ ግን አታድርጉት። ባጃጅም እንዲሁ ነው። በ2015 ዓ.ም. ከተማ አስተዳደሩ የባጃጅ አገልግሎትን ለጊዜው ባገደ ጊዜ፣ ከዋናው መንገድ ርቀው የገቡ ሰፈሮች ነዋሪዎች በእግር ለመሄድ ተገደዋል። ባጃጅ ባይኖር በእግር የምትጨርሱት ርቀት ካልሆነ ቤቱ ሩቅ ነው።

ይህን ሥራ ስትጨርሱ ሁለት ወይም ሦስት ሰፈር ብቻ እጃችሁ ላይ ይቀራል። ከዚያ በላይ ይዛችሁ አትዙሩ፤ ድካሙ ዓይንን ያደክማል፣ የደከመ ሰው ደግሞ የመጨረሻውን ቤት ይወስዳል።

2. ውሃው በየት እንደሚሄድ ተመልከቱ

ስለ ደኅንነት ሲወራ ሁሉም ሌባን ያስባል። ጎርፍ ግን ሌባ ከሚወስደው በላይ ይወስዳል።

አዲስ አበባ ተዳፋት ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት። እንጦጦ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍ ሲል፣ ደቡብ ላይ አቃቂ ወደ 2,100 ሜትር ዝቅ ይላል። እንጦጦና የካ ላይ የጣለው ዝናብ በትንሹና በትልቁ አቃቂ ወንዞችና በገባሮቻቸው አድርጎ ከተማውን አቋርጦ ወደ ደቡብ ይወርዳል። ስለዚህ ሰፈራችሁ ላይ ጠብታ ሳይጥል ጎርፍ ሊመጣባችሁ ይችላል። ወንዝ ዳር ያለ ቤት፣ ግንቡ ምንም ያህል ቢጠነክር፣ ይቅርባችሁ።

ቤት ለማየት ምርጡ ጊዜ ሐምሌና ነሐሴ ነው። በበጋ ከመጣችሁ ምልክቱን ፈልጉ። የአጥሩን ግንብ ከሥሩ ጀምራችሁ እዩት፤ ከመሬት ጉልበት እስኪደርስ ድረስ ያለው ቀለም ደፍርሶ፣ ከዚያ በላይ ያለው ንጹሕ ሆኖ በአግድም መስመር ከተለየ፣ ያ መስመር ያለፈው ክረምት ውሃ የቆመበት ነው። አዲስ የተቀባ ግንብ ካጋጠማችሁ የጎረቤቱን እዩ፤ ጎረቤት አጥሩን ለእናንተ ብሎ አይቀባም። በር ላይ የአሸዋ ከረጢት ወይም ከፍ ተደርጎ የተሠራ የብሎኬት ደፍ ካለ ያለ ምክንያት አልተሠራም። ቱቦውን ክዳኑ በተከፈተበት ቦታ ጎንበስ ብላችሁ ተመልከቱ፤ በፕላስቲክ ጠርሙስና በአፈር ከተሞላ፣ ሰኔ ሲገባ ውሃው መንገድ ላይ ነው የሚሄደው።

በደቡብና በምሥራቅ ባሉት ሜዳማ ቦታዎች አፈሩ በብዛት ጥቁር ነው፤ ክረምት ያብጣል፣ በጋ ይሰነጠቃል። ግድግዳ ላይ ከመስኮት ጥግ ተነስቶ በሰያፍ የሚወርድ ስንጥቅ ካለ ጣታችሁን አስገቡበት። ጣት የሚያስገባ ስንጥቅ በቀለም አይታለፍም።

የተተዉ የድንጋይ ካባዎችንም ልብ በሉ። በከተማዋ ጠርዝ ድንጋይ ወጥቶባቸው የቀሩ ጉድጓዶች ክረምት ላይ ውሃ ይይዛሉ፤ ልጆች ለዋና እየገቡ ሕይወታቸው አልፏል። ልጅ ያላችሁ ከሆነ ከቤቱ ዙሪያ በእግር የሩብ ሰዓት መንገድ ያህል ዞር ዞር ብላችሁ እዩ፤ አጥር የሌለው ካባ ካለ ሌላ ሰፈር ፈልጉ። ከከፍተኛ የኤሌክትሪክ መስመር ሥር ያለ ቤትም አይወሰድ። ቆሻሻ ከተከመረበት ተዳፋት ሥር የቤት ዋጋ ርካሽ የሚሆንበት ምክንያት አለው፤ መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ቆሼ ላይ ክምሩ ተንዶ ከ100 በላይ ሰው ሞቷል።

3. በምሽት ሂዱ

ከሁሉም ደረጃዎች አንዱን ብቻ የምትሠሩ ከሆነ ይህን ሥሩ።

የሥራ ቀን ምረጡ። እሑድ ሰፈሩ ሌላ መልክ አለው። ወደፊት ከምትሠሩበት ቦታ፣ ወደፊት በምትወጡበት ሰዓት ተነሱ፤ በራይድ ወይም በጓደኛ መኪና ሳይሆን በታክሲ ሂዱ። ሰልፉ ላይ ቁሙ። ሞባይላችሁን ከውስጥ ኪስ አድርጉ፤ ብዙ ገንዘብ አትያዙ። ብቻችሁን አትሂዱ፤ በተለይ ሴት ከሆናችሁ ሰፈሩን ከሚያውቅ ሰው ጋር ሂዱ። ባለትዳሮች ከሆናችሁ ደግሞ ሚስት መሄዷ ግድ ነው። ወንድ ልጅ ምንም ሳይመስለው በሚያልፍበት መንገድ ላይ ሴት ስንት ነገር እንደምታይ አብሯት ያልሄደ አያውቅም፤ የእሷ ፍርድ የመጨረሻው ይሁን።

ከታክሲ ወርዳችሁ እስከ ቤቱ ስትሄዱ የመንገድ መብራት አለ ወይ ብቻ ብላችሁ አትጠይቁ። ሰው አለ ወይ ብላችሁም ጠይቁ። ከምሽቱ 2 ሰዓት ክፍት የሆኑ ሱቆች፣ ጀበና ቡና የምታፈላ ሴት፣ በቆሎ የምትጠብስ እናት፣ ከበር ላይ ቆመው የሚያወሩ ጎረቤቶች፣ እነዚህ ያሉበት መንገድ ፖል ባይኖረውም ዓይን አለው። መብራት ሲጠፋም ዓይኑ አይጠፋም። በተቃራኒው፣ ግራና ቀኙ በር የሌለው ረጅም አጥር፣ ተጀምሮ የቆመ ሕንፃ፣ የባሕር ዛፍ ጥግ፣ ወንዝ የሚያሻግር ቀጭን ድልድይ ካለው፣ ማጅራት መቺ የሚጠብቀው እንዲህ ያለውን ቦታ ነው። አንድ እንዲህ ያለ ቦታ ካለና ሌላ መዞሪያ ከሌለ፣ ቤቱ ቤተ መንግሥት ቢሆን አይረባችሁም።

ጥቃቅን ነገሮችም ብዙ ይናገራሉ። ውጭ ያደሩ መኪኖችን ስፖኪዮ እዩ። በመስታወቱ ላይ ታርጋ ቁጥር በትልቁ ከተቀረጸ፣ ወይም ስፖኪዮው በብሎን ከታሰረ፣ ሰፈሩ ስርቆት አውቋል፤ መኪናው ሁሉ ግቢ ገብቶ መንገዱ ባዶ ከሆነም ምክንያቱን ጠይቁ። የማንሆል ክዳኖች በቦታቸው አሉ? ክዳኑ ለብረቱ ተብሎ የተሰረቀበት መንገድ ጨለማ ላይ እግር ይሰብራል፤ የተሰረቀው ሳይተካ ወራት መቆየቱ ደግሞ ወረዳው ለሰፈሩ ያለውን ትኩረት ያሳያል። ኮንዶሚኒየም ከሆነ ልብስ ማስጫውን ተመልከቱ። ማታ ልብስ ተሰጥቶ የሚያድርበት ብሎክና ከመምሸቱ በፊት ሁሉም የሚያስገባበት ብሎክ አንድ አይደሉም።

ታክሲ ተራው ላይ ያለውን ተራ አስከባሪ አትለፉት። የሰፈሩን ሰዓት ከእሱ በላይ የሚያውቅ የለም። «ወንድሜ፣ ወደዚህ የመጨረሻው ታክሲ ስንት ሰዓት ነው? ከዚያ በኋላ የመጣ ሰው በምን ይገባል?» በሉት። መልሱ «ከ2 ሰዓት ተኩል በኋላ የለም» ከሆነ የማታ ተማሪ ወይም የሆቴል ሠራተኛ ለሆነ ሰው ሰፈሩ አይሆንም። እዚያው ቆማችሁ ራይድ ወይም ፈረስ በሚባሉት የስልክ መተግበሪያዎች መኪና ጥሩ፤ ሾፌሮች የሰፈሩን ስም ሲሰሙ የሚያንገራግሩ ከሆነ የሚያውቁት ነገር አለ።

ከተቻለ ማለዳ 11 ሰዓት ተኩል ላይም አንድ ጊዜ እዩት። ለሥራ በሌሊት የሚነሳ፣ ኪዳን የሚሳለም፣ ለሱብሂ የሚወጣ ሰው የሚያገኘው መንገድ ይህ ነው። በከተማዋ ጠርዝ ጅብ ሌሊት ይወርዳል፤ የሚበልጠው ስጋት ግን የባዘኑ ውሾች መንጋ ነው፤ የእብድ ውሻ በሽታ ዛሬም ሰው ይገድላል።

መኪናንም አትርሱ። በአዲስ አበባ በትራፊክ አደጋ ከሚሞቱት አብዛኞቹ እግረኞች ናቸው። ከታክሲ መውረጃው ወደ ሰፈሩ ለመግባት ሰፊ መንገድ መሻገር ካለባችሁ የት እንደሚሻገሩ፣ መሻገሪያ ድልድይ ወይም ዜብራ ካለ፣ ሰዉ በእርግጥ በዚያ የሚሻገር ከሆነ ቆማችሁ እዩ። በቃሊቲና በቱሉ ዲምቱ በኩል ወደ አዳማ የፍጥነት መንገድ የሚሄዱ ከባድ መኪኖች ይበዛሉ፤ ሲኖና ተሳቢ ማታ በፍጥነት በሚያልፍበት መንገድ ዳር ልጅ ብቻውን ሱቅ አይላክም።

4. ጠይቁ፤ አጠያየቁን ግን እወቁበት

«ሰፈሩ ሰላም ነው?» ብላችሁ ከጠየቃችሁ ሁሉም «ሰላም ነው፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ይላችኋል። ሰው የሰፈሩን ስም ማጉደፍ አይፈልግም። ጥያቄያችሁ የተወሰነ ነገር ይሁን።

ጥበቃውን ሰላምታ ሰጥታችሁ፣ ቀን ሳይሆን ማታ፣ «አባባ፣ ሌሊት የሚያስቸግርዎ በየት በኩል ነው?» በሏቸው። እሳቸው በእጃቸው ወደ አንድ አቅጣጫ ይጠቁማሉ፤ ያ አቅጣጫ የእናንተ መንገድ መሆን አለመሆኑን እዩ። ባለሱቋን «እህቴ፣ ማታ ስንት ሰዓት ትዘጊያለሽ?» በሏት፤ ሰዓቱን ከነገረቻችሁ በኋላ «ለምን በዚያ ሰዓት?» ማለት ትችላላችሁ። «ገበያ ስለሌለ» እና «ስለማይመች» የተለያዩ መልሶች ናቸው። ሁለት ነገር ገዝታችሁ ጠይቁ፤ ዝም ብሎ የሚጠይቅ እንግዳ እሱ ራሱ ያጠራጥራል።

ውሃው በፈረቃ ስንት ቀን እንደሚመጣና ስንት ሰዓት ላይ እንደሚመጣ ጠይቁ። ይህ የምቾት ጥያቄ ይመስላል፤ ነገር ግን ውሃ ከሌሊቱ 6 ሰዓት የሚመጣበትና ሮቶ የሌለው ቤት ሰውን በሌሊት ጀሪካን አስይዞ ያስወጣል። ባለ አራት ፎቅ ኮንዶሚኒየም ላይ ግፊቱ ላይኛው ወለል ሳይደርስ ሲቀር ከታች ተቀድቶ ነው የሚወጣው፤ ማን፣ መቼ እንደሚቀዳ አስቡት።

ኮንዶሚኒየም ከሆነ የባለቤቶች ማኅበሩን ኮሚቴ ፈልጉ። የጋራ ሕንፃ ባለቤቶች ማኅበር በአዋጅ ቁጥር 370/1995 የተቋቋመ ሕጋዊ አካል ነው፤ የጥበቃ ደመወዝ፣ የጋራ መብራት፣ የአጥርና የበር ጉዳይ የእሱ ነው። ለጥበቃ በወር ስንት እንደሚዋጣና ስንቱ ቤት እንደሚከፍል ጠይቁ። ግማሹ ነዋሪ የማይከፍልበት ብሎክ ውስጥ ጥበቃው ወይ ይሄዳል፣ ወይ ይተኛል። ብዙ ሳይቶች የቴሌግራም ግሩፕ አላቸው፤ ገብታችሁ ያለፉትን ወራት መልእክቶች ወደ ኋላ እየሳባችሁ አንብቡ። ሰው እዚያ ደላላ ፊት የማይናገረውን ይናገራል፦ የተሰረቀ ቆጣሪ፣ የተሰበረ በር፣ ለሳምንት የጠፋ ትራንስፎርመር።

በመጨረሻ ወደ አካባቢው ፖሊስ ጣቢያ ወይም ኮሚዩኒቲ ፖሊሲንግ ቢሮ ሂዱ። ወደ ሰፈሩ ልትገቡ እንደሆነ ተናግራችሁ፣ ከስርቆትና ከቅሚያ የትኛው እንደሚበዛ፣ በየትኛው ሰዓትና በየትኛው መንገድ እንደሆነ ጠይቁ። በቀና የሚያስረዳ ባለሙያ ካገኛችሁ ስለ ሰፈሩ አንድ ጥሩ ነገር አወቃችሁ። በሩ የተዘጋ ቢሮ ካገኛችሁም አንድ ነገር አውቃችኋል።

5. በየትኛው አስተዳደር ሥር እንደሆነ አረጋግጡ

የከተማዋ ጠርዝ ላይ አንድ መንገድ ግራው አዲስ አበባ፣ ቀኙ ኦሮሚያ ሊሆን ይችላል። በ2014 ዓ.ም. በሁለቱ መካከል የወሰን ስምምነት ስለተደረገ፣ በ2015 ዓ.ም. ደግሞ ለገጣፎ፣ ሱሉልታ፣ ቡራዩና ሰበታን ጨምሮ በዙሪያው ያሉ ከተሞች በሸገር ከተማ ሥር ስለተዋቀሩ፣ የቆየ ሰው ጭምር የሰፈሩን አስተዳደር ላያውቅ ይችላል። ገላን የሚባለውም በሁለቱም በኩል አለ። ይህ መታወቂያ የምታወጡበትን ወረዳ፣ ውል የምታስመዘግቡበትን ጽሕፈት ቤት፣ የምትጠሩትን ፖሊስ፣ ልጆቻችሁ በመንግሥት ትምህርት ቤት የሚማሩበትን ቋንቋ ይወስናል። ሸገር ሥር መኖር በራሱ ክፋት የለውም፤ ኪራዩም ብዙ ጊዜ ይሻላል። ሳያውቁ መግባት ነው ችግሩ። ደላላውን አትጠይቁ፤ የጎረቤትን የመብራት ወይም የውሃ ቢል እዩ፣ ቀጥሎ ወረዳው ጽሕፈት ቤት ሄዳችሁ አረጋግጡ። ከነበራችሁበት ቀበሌ መሸኛ ሳትይዙ አትምጡ።

ለመግዛት የምታስቡ ከሆነ ምክሬ አጭር ነው፦ በዚያው ሰፈር አንድ ክረምት ተከራይታችሁ ኑሩ። ካርታ የሌለውን፣ «በቅርቡ ይወጣለታል» የሚባለውን ቦታ አትንኩ፤ የጨረቃ ቤት ሲፈርስ ገዢው ነው ሜዳ ላይ የሚቀረው። ካርታ ያለውንም ቢሆን ዕዳና እገዳ እንደሌለበት፣ በመንገድ ወይም በኮሪደር ልማት ዕቅድ ውስጥ እንዳልገባ ከክፍለ ከተማው መሬት ጽሕፈት ቤት ሳታጣሩ ገንዘብ አትስጡ።

6. አሁን ቤቱን እዩ

መንገዱ፣ ውሃው፣ ጎረቤቱ ካለፉ በኋላ በሩን ክፈቱ። የመሬት ወለል ቤት ፍርግርግ ያስፈልገዋል፤ ግን ቢያንስ አንዱ መስኮት ከውስጥ የሚከፈት ፍርግርግ ይኑረው። በሁሉም መስኮት የማይከፈት ብረት የተበየደበት ቤት ሌባ ባያስገባም እሳት ሲነሳ ሰው አያወጣም። የእሳት አደጋ መኪና እስከ በሩ መድረስ ይችላል? ሁለት ሚኒባስ የማይተላለፉበት ቅያስ ውስጥ አይደርስም።

ክፍሎቹ አየር የሚወጣበት ካላቸው እዩ፤ በብርድ ወራት ከሰል አስገብቶ በር ዘግቶ መተኛት በየዓመቱ ሰው ይገድላል። ግቢ ውስጥ ያለ ሰርቪስ ቤት ከሆነ ለውጭ በሩ ስንት ቁልፍ እንዳለና ማን እንደያዘው ጠይቁ። የትም ቢሆን በገባችሁ ቀን የቤታችሁን በር ቁልፍ ቀይሩ፤ የቀድሞው ተከራይ ጨዋ ቢሆንም ቁልፉን ለማን ሰጥቶ እንደነበር አይታወቅም።

በር ላይ ጥበቃ ያለው ሪል እስቴትም ይታይ። ከውስጥ ጥሩ ነው፤ ነገር ግን ከዋናው መንገድ እስከ በሩ ባዶ ሜዳ ካለ መኪና ለሌለው ሰው አይጠቅምም። ከዚያ ይልቅ እንደ ጀሞ ያለ ቀደም ብሎ የሞላ፣ ሱቁና ትርምሱ እስከ ማታ የማይቋረጥ ሰፈር እመርጣለሁ። ገና የተላለፉና ግማሹ ብሎክ ያልገባባቸው ሳይቶች ኪራያቸው ዝቅ ያለ ነው፤ ለቤተሰብ ግን ሰው እስኪገባ መጠበቅ ይሻላል።

7. ውሉን በሕጉ አድርጉ

በመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 መሠረት ውሉ በጽሑፍ መሆን አለበት፤ ዘመኑ ከሁለት ዓመት አያንስም፤ በ30 ቀን ውስጥ ይመዘገባል፤ ቅድመ ክፍያ ከሁለት ወር ኪራይ አይበልጥም፤ ክፍያውም በባንክ ወይም በኤሌክትሮኒክ መንገድ ነው። የስድስት ወር ቅድሚያ የሚጠይቅ አከራይ ሕጉን እየጣሰ ነው። ይህን የማነሳው ከደኅንነት ጋር ስለሚገናኝ ነው፦ ያልተመዘገበ ውል የያዘ ተከራይ በድንገት «ልቀቅ» ሲባል በሳምንት ውስጥ ያገኘውን ቤት ይወስዳል፤ ከላይ የተባለውን አንዱንም ለማየት ጊዜ አይኖረውም።

የአከራዩን መታወቂያና የባለቤትነት ማስረጃ ሳታዩ ቀብድ አትክፈሉ። ወኪል ነኝ ካለ ውክልናውን ጠይቁ። የደላላውን ኮሚሽን ቤት ከማየታችሁ በፊት ተስማሙበት።

8. የመጀመሪያው ወር

ዕቃ በቀን፣ ሰው ባለበት ሰዓት አስገቡ፤ ቴሌቪዥኑና ላፕቶፑ ተሸፍኖ ይግባ። በዚያው ሳምንት ግራና ቀኝ ያሉትን ጎረቤቶች ራሳችሁ ሄዳችሁ ተዋወቁ፤ ቡና ሲጠሯችሁ አትቅሩ፣ እናንተም ጥሩ። እድር ካለ ግቡ። በዳር ሰፈር ሌሊት ሲጮህ በር ከፍቶ የሚወጣው ጎረቤት ነው፤ ፖሊስ የሚደርሰው ከእሱ በኋላ ነው።

ስልካችሁ ላይ የፖሊስን 991፣ የእሳትና ድንገተኛ አደጋን 939፣ የቀይ መስቀል አምቡላንስን 907 መዝግቡ፤ ከእነሱ ጋር የጥበቃውን፣ የአንድ ጎረቤትንና ሰፈሩን የሚያውቅ የአንድ ባለታክሲ ቁጥር ጨምሩ። በሌሊት የሚያክም የቅርቡ የመንግሥት ሆስፒታል የትኛው እንደሆነ እወቁ፤ በአቃቂ ቃሊቲ በኩል ጥሩነሽ ቤጂንግ፣ በጀሞና በለቡ በኩል አለርት ነው። አንድ ቀን ሳይቸግራችሁ መንገዱን ሂዱበት።

የዳር ሰፈር መንገዶች ብዙዎቹ ስም የላቸውም፤ አምቡላንስ ሲጠራ ከሁሉም በላይ ጊዜ የሚያባክነው «የት ጋ ናችሁ?» የሚለው ነው። ከዋናው መንገድ ጀምሮ ቤታችሁን በሦስት ዓረፍተ ነገር የሚያደርስ መግለጫ አዘጋጁ፦ የታክሲ ተራው ስም፣ ሁሉም የሚያውቀው አንድ ምልክት፣ ከዚያ የብሎክና የቤት ቁጥር። ወረቀት ላይ በትልቁ ጽፋችሁ ከበሩ ጀርባ ለጥፉት፤ የቤት ሠራተኛችሁም ልጆችም በቃላቸው እስኪሉት አስጠኗቸው። ሎኬሽኑን ለወንድም ለእህት በስልክ ላኩ። የብሎክ ቁጥሩ ከውጭ በማታ የማይነበብ ከሆነ ኮሚቴው እንዲያስጽፈው ጠይቁ፤ ካልሆነ ከጎረቤቶቻችሁ ጋር ተዋጥታችሁ ራሳችሁ አስጽፉት።